በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣር ማጨጃ ለከተማ ዳር ግቢ ያዋጣል?

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ የከተማ ዳር ነዋሪ አንድ ሥራ ይጨመርበታል፤ ሣር ማጨድ። ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለቡ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ ያለ ግቢ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልኩ ይቀየራል። ሰርዶው መሬቱን ይሸፍናል። አጥር ሥር ያለው አረም ጉልበት ይደርሳል። ቦይ ዳር የበቀለው ደግሞ የውሃ መውረጃውን ይዘጋል። ልክ በዚህ ጊዜ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አንድ ማስታወቂያ ይበዛል። በባትሪ የሚሠራ፣ ዘንግ ያለው፣ ቀለል ያለ ትንሽ ሣር ማጨጃ። ቪዲዮው ላይ ሰውየው ግራና ቀኝ ሲያወዛውዘው ሣሩ ተስተካክሎ ይቀራል። ዋጋው ከቤንዚን ማሽኑ በጣም ያነሰ ነው። ገመድ የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ድምፁም ጎረቤት አያስቀይምም።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ መንገድ ዳር የተስተካከለ ሣር ማየት ለምደናል። ደጃፋችንም እንዲያ ቢሆን ደስ ይለናል። ስለዚህ "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ገብቷል።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለአንድ ቤት ብቻ፣ ለክረምቱ ሣር ብቻ ተብሎ ከተገዛ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ብዙ ቤት በጋራ ከገዛው፣ ወይም ባትሪው ሌላም ሥራ የሚሠራ ከሆነ ግን ያዋጣል። ይህን የሚወስነው የማሽኑ ጉብዝና አይደለም። አንደኛ ባትሪው ነው። ሁለተኛ ደግሞ የታጨደውን ሣር ማን ይፈልገዋል የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ትንሽ እንበል። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው፤ አብዛኛው ከቻይና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህም እየወጣ ነው የሄደው። ስለዚህ "ቢበላሽ ሌላ እገዛለሁ" የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ የሚገዛ ማሽን ቢያንስ ሦስት አራት ክረምት ማገልገል አለበት። ያንን የሚያህል ዕድሜ ይኖረዋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ ባትሪውን ማየት ያስፈልጋል።

ባትሪው ውስጥ ምን አለ?

የእነዚህን ማሽኖች ባትሪ ጥገና ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ያየ ሰው ማስታወቂያውን ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ለሁለት ይከፈላል። ውስጡ የጣት ባትሪ የሚመስሉ፣ ትንሽ ወፈር ያሉ ሴሎች ተደርድረዋል። በቀጫጭን የብረት ቅጠል እርስ በእርስ ተበይደዋል። ከላያቸው ትንሽ አረንጓዴ ሰርኪዩት ቦርድ አለች። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሴሎቹ ቁጥር አምስት ነው። ሳጥኑ ግን አሥር የሚይዝ ሳጥን ነው። ግማሹ ባዶውን ነው፣ ወይም ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል።

እነዚህ ሴሎች 18650 ይባላሉ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። የአንዱ መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ነው፤ ቻርጁ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናል፤ ሲሞላ 21። ስለዚህ አንዱ ሻጭ "18 ቮልት"፣ ሌላው "20"፣ ሦስተኛው "21" ቢላችሁ የሚሸጡላችሁ አንድ ዓይነት ባትሪ ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። "48"፣ "88"፣ "128" የሚለው ጽሑፍ ግን ከአምስት ሴል ሊወጣ አይችልም። 88 ቮልት ለማግኘት ከሃያ በላይ ሴል በተከታታይ መያያዝ አለበት። ያ ሁሉ በዚያች ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጽሑፉ ቁጥር ነው እንጂ መለኪያ አይደለም።

ከቮልቱ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ዋት ሰዓቱ፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው የጉልበት መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት። 18 ቮልት በ2 አምፒር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ4 አምፒር ሰዓት 72። ሞተሩ ሣር ሲበረታበት 200 ዋት ይወስዳል ብለን ብናሰላ የመጀመሪያው ባትሪ አሥር ደቂቃ ገደማ ይሠራል፤ ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ ገደማ። ሣር ሳይነካ ባዶውን ሲሽከረከር ይረዝማል። ሻጭ "ብዙ ሰዓት ይሠራል" ሲላችሁ በባዶው ነው ወይስ ሣር ውስጥ ብላችሁ ጠይቁት።

ሱቅ ውስጥ ባትሪ አስከፍቶ ማየት አይቻልም። መመዘን ግን ይቻላል፤ ሚዛን ያለው ባለሱቅ በየሰፈሩ አይጠፋም። አንድ 18650 ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። አምስት ሴል ብቻ የያዘ ባትሪ ከነሳጥኑ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አሥር የያዘው ግን ግማሽ ኪሎን ያልፋል። አምስት እንዲህ ያሉ ሴሎች ደግሞ ምርጥ እንኳ ቢሆኑ ከ3 አምፒር ሰዓት ብዙም አያልፉም። እንግዲህ "6 አምፒር ሰዓት" ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ካልሞላ ጽሑፉን አትመኑ። ለዋጋ መደራደሪያም ይሆናችኋል።

የአሥር ደቂቃ ሥራ ስንት ግቢ ያጸዳል? 150 ካሬ ቦታ ላይ ቤቱ፣ መኪና ማቆሚያውና ሰርቪሱ ሲቀነስ ለሣር የሚተርፈው ጥቂት ነው። እዚያ ላይ ያለው ሣር አጭርና ደረቅ ከሆነ አንድ ጥሩ ባትሪ ይበቃል። ሣሩ ጉልበት ከደረሰና ከረጠበ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሣሩ ማዞሪያው ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ሥራው ሳያልቅ ያልቃል። ሐምሌንና ነሐሴን ረስቶ ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ ማሽኑን ማውጣት አይሠራም። በየአሥር ቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ሳምንቱ ማጨድ ግድ ነው። ሰዓቱም ይመረጣል። በክረምት ጠዋት ጤዛ አለ፣ ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። የሚመቸው ረፋድ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ሥራ የሚውል ሰው በዚያ ሰዓት ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንም የዚህ ጥያቄ ወንድም የሆነ ጥያቄ አለባቸው። ሚኒሶታ፣ ዴንቨር ወይም ቶሮንቶ ያለ አበሻ በብርዱ ወራት የሚያስበው ስለ በረዶ ነው፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ በረዶ መጥረጊያ ትበቃኛለች ወይ እያለ። መልሱ ከሣሩ ጋር ይገጥማል። አዲስ የወረደ፣ ቀላልና ከስንዝር ያነሰ በረዶ ታነሳለች። የረጠበውን፣ የጠጠረውንና የመንገድ ማጽጃ መኪና ገፍቶ ደጃፍ ላይ የከመረውን ግን አትችለውም። እዚያ ባትሪውን የሚጎዳው ብርዱ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ እስከመጨረሻው ይጎዳል። የአዲስ አበባ አየር በዚህ በኩል ለባትሪ ምቹ ነው። እዚህ ባትሪ የሚሞተው በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ዘመድ ይላክልኝ ለምትሉ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ቤት ኮረንቲ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው 120 ብቻ ከሆነ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። "ከ100 እስከ 240" የሚል ከሆነ ችግር የለውም። ሁለተኛው ጉዞው ነው። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለፈቃድ ይያዛል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ከተሳፋሪ ጋር አይሄድም። 56 ቮልት በ5 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 280 ዋት ሰዓት ነው። ያንን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ የመጣ ዘመድ ኤርፖርት ላይ ያስረክበዋል።

ቤንዚኑ፣ ከፍታውና መብራቱ

ፍርዴ ለባትሪው እንዳያደላበት የሌሎቹንም ድካም መናገር አለብኝ።

ቤንዚን ማሽኑ ጉልበት አለው። ሰፊ ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ያለ እሱ አይታጨድም። ነገር ግን እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ የሚጠጋው እኛ ዘንድ የለም። ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማሽኑ ይታነቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠል አየር ስለማይፈልግ ይህ አይነካውም። በዚህ ላይ ባለሁለት ምት ማሽን ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በልክ መቀላቀል ይጠይቃል። ልኩ ከተሳሳተ ፒስተኑ ይነክሳል። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ በጀሪካን መቅዳት ራሱም አስቸጋሪ ነው።

በገመድ የሚሠራው ማሽን ርካሽ ነው፣ ባትሪ የለውም፣ ስለዚህ የሚሞት ነገር የለውም። ለትንሽ ግቢ ከባትሪው ይልቅ እሱን የምመርጥበት ጊዜ አለ። ችግሩ እርጥብ ሣር ውስጥ የሚጎተተው ገመድ ነው። የተላጠና በፕላስተር የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን በብዙ ቤት አለ። ያንን ይዞ ክረምት ላይ ግቢ መውጣት ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

መብራት መጥፋቱ ደግሞ ለባትሪው የሚመሰክር ነገር ነው። ከተማ ዳር መብራት የሚሄደው ልክ በዝናቡ ጊዜ ነው። ባትሪ ግን መብራት ባለበት ሰዓት ተሞልቶ ቅዳሜ ይሠራል። የመብራት ወጪውም አያሳስብም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ ቢሆንም 36 ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት የሚያስፈልገው ከአንድ ብር በታች ነው። የሚያሳስበው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት መዋዠቅ ነው። ርካሽ ቻርጀር መከላከያ የለውም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመለስም ትንሽ ጠብቆ መሰካት ያድነዋል። አዳር ሰክቶ መተኛትም አልመክርም።

ሣሩ ፈላጊ አለው

ይህ ሁሉ ስሌት የተሠራው ሣር የሚወገድ ነገር ነው ብለን ነው። ከተማ ዳር ግን ሣር የሚወገድ ነገር አይደለም።

ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ቡራዩ፣ ለገዳዲ ትናንት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ። ቤቱ ተሠራ፣ አጥሩ ታጠረ። ከብቶቹ ግን አልጠፉም። ሰፈር ውስጥ በየማለዳው ወተት የሚያመጡልን እናቶች አንድና ሁለት ላም አላቸው። ግጦሹ ስለተወሰደ መኖው ከገበያ ነው። ፉርሽካውም ፋጉሎውም ውድ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ማጭድ ይዘው በር ያንኳኳሉ። "ሣሩን ልጨደው?" ይላሉ። አጭደው፣ በገመድ አስረው፣ ተሸክመው ይሄዳሉ። ግቢው ጸዳ፣ ላሟ በላች። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የለም፤ ቢከፍልም ለቡና ያህል ነው።

ማሽኑ ሲገባ ይህ ስምምነት ይፈርሳል። ማጭድ ሣሩን ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ሣሩ እንደ ቁመቱ ይወድቃል፣ ይሰበሰባል። ማሽኑ የሚቆርጥበት የሚሽከረከር ናይለን ክር ግን ሣሩን ይገርፈዋል። የሚወጣው የተበጣጠሰ፣ አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበት ነገር ነው። ጎረቤቴ የሆኑ ላም ያላቸው እናት በማሽን ከታጨደ ግቢ አንድ እፍኝ አንስተው በመዳፋቸው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። "ልጄ፣ ይሄ ለላም አይሆንም። አፈር ነው። ደግሞ ይሄን እየው" አሉ። በሁለት ጣታቸው የያዙት ቀይ የናይለን ቁራጭ ነበር፤ የጥፍር ያህል።

ትክክል ናቸው። ክሩ የሚቆርጠው ራሱም እያለቀ ነው። ሥራ ሲጨርስ ያጠረው ክር የትም አልሄደም፤ ሣሩ ውስጥ ነው የቀረው። የሚያመሰኳ እንስሳ የዋጠው ፕላስቲክ አይፈጭም፤ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። የፌስታል ጉዳት በከብቶቻችን ላይ ስንት ጊዜ የተወራ ነው። ላም ያለው ሰው ከእንዲህ ያለ ግቢ ሣር መውሰድ የለበትም፤ እኛም "ውሰዱት" ብለን መስጠት የለብንም።

ማሽን ስትገዙ እንግዲህ ወጪው የማሽኑ ዋጋ ብቻ አይደለም። በነጻ ይጸዳላችሁ የነበረውን ግቢ ራሳችሁ ልታጸዱት ነው። የተበጣጠሰውን ሣር በመጥረጊያ ሰብስባችሁ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከታችሁ፣ ቆሻሻ የሚያነሱ ልጆች እስኪመጡ ልታቆዩት ነው። እርጥብ ሣር በማዳበሪያ ሁለት ቀን ሲቆይ ይሸታል። አንድ ጎረቤትም መኖ ያጣል። ይህን ስደምር ነው ለአንድ ቤት አያዋጣም የምለው።

ላም የሌለበት ሰፈርም ቢሆን ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ደግ ነው። ለቀን ሠራተኛ በአንድ ክረምት ሣር ለማሳጨድ የምትከፍሉትን ደምሩ። የማሽኑን ዋጋ ለሦስት ክረምት አካፍሉት። ባትሪ በመሃል ይቀየራል ብላችሁ የአንድ ባትሪ ዋጋ ጨምሩበት። ብዙ ሰው ይህን ሲሠራ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡበታል። ከተቀራረቡ እኔ ሠራተኛውን እመርጣለሁ፤ ብሩ ሰፈር ውስጥ ይቀራል።

በእርግጥ ማሽኑ የሚሻልበት ግቢ አለ። ብቻዋን የምትኖር ሴት የማታውቀውን ሰው ግቢ ማስገባት ላትፈልግ ትችላለች፤ መብቷ ነው። አጥር ሥር፣ ድንጋይ መሃል፣ ቦይ ጠርዝ ላይ ማጭድ አይመችም፤ ድንጋዩ ስለቱን ያበላሸዋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ጎንበስ ብሎ ማጨድ አይችልም። ግቢ ውስጥ ፀረ አረም የተረጨበት ሣር ደግሞ ከመጀመሪያውም ለከብት አይሰጥም። ለእነዚህ ማሽኑ ጥሩ ዕቃ ነው። ኮንዶሚኒየም ግን በዚህ ውስጥ አላስገባም። የጋራ ግቢው ለአሥር ደቂቃ ባትሪ ሰፊ ነው፤ ማኅበሩ ቤንዚን ማሽን ያለው ሰው ቀጥሮ ቢያሳጭድ ይሻለዋል።

ለእድር ቢሆንስ?

በየሰፈራችን ያለው እድር ድንኳን አለው። ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ብርጭቆ በካርቶን አለው። አንድም ቤት ለብቻው ድንኳን ልግዛ አይልም፤ በዓመት ስንት ቀን ይፈለጋል? ሣር ማጨጃም እንደዚያው ነው። አንድ ግቢ በሁለት ሳምንት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈልገውም። ቀሪውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያረጀው። አሥር ቤት አዋጥቶ አንድ ጥሩ ማሽንና ሦስት እውነተኛ ባትሪ ቢገዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዚያ ብር ርካሹን ሳይሆን ብራሽ አልባ ሞተር ያለውን መግዛት ይቻላል። ብራሽ አልባው ሞተሩ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቅ ከሰል (ብራሽ) የለውም፣ ባትሪም ይቆጥባል።

ችግሩን አውቀዋለሁ። የጋራ ዕቃ ባለቤት ያጣል። ማን ቻርጅ ያድርግ? ክሩ ሲያልቅ ማን ይግዛ? ድንጋይ የመታው ማን ነው? እድር ይህን የሚፈታበት ልማድ አለው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዥ አለ፣ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የሰበረ ይተካል። ለማሽኑም አንድ ሰው ይሰየም። ማሽን አያያዝ የሚወድ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ለእሱ ትንሽ እየተከፈለው የሁሉንም ግቢ እየዞረ ቢያጭድ ደግሞ የተሻለ ነው። ባትሪውን የሚያውቀው አንድ እጅ ብቻ ሲሆን ዕድሜው ይረዝማል። ላም ያላቸው እናቶችም ቀድመው ይነገራቸው፤ እነሱ መጀመሪያ በማጭድ ይውሰዱ፣ ማሽኑ የቀረውን ጠርዝና አጥር ሥር ያስተካክል።

ሌላው የሚያዋጣበት መንገድ ባትሪው ነው። ግድግዳ መብሻ፣ ብሎን መፍቻ፣ ግራይንደር፣ ትንሽ መጋዝ፣ የመኪና ጎማ መንፊያ ሁሉም በአንድ ዓይነት ባትሪ የሚሠሩበት ዘመን ነው። ገበያው ላይ ብዙዎቹ የቻይና ዕቃዎች የጃፓኑን መሣሪያ አምራች የማኪታን 18 ቮልት ባትሪ አቀማመጥ ተከትለው ነው የተሠሩት። እንዲህ ያለውን ከገዛችሁ ባትሪው ቢሞት ምትክ አታጡም። የራሱ ብቻ የሆነ ቅርጽ ያለውን ከገዛችሁ ግን ባትሪው የሞተ ዕለት ማሽኑም አብሮ ሞተ። ባለሙያ ሴል ቀይሮ ሊያድሰው ይችላል፤ ያ ግን ጥሩ ሴልና የታመነ እጅ ይፈልጋል። ግንበኛ፣ አናጺ ወይም ቤቱን እየጨረሰ ያለ ሰው ከሆናችሁና ባትሪው ቤት ካለ፣ የሣር ማጨጃውን አካል ብቻ መግዛት ርካሽ ነው። የዚያን ጊዜ ለአንድ ቤትም ያዋጣል።

ለወሰናችሁ

ከማሽኑ ጋር ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መቁረጫ ይመጣል፤ ክር፣ የፕላስቲክ ስለትና የብረት ስለት። አዲስ ሰፈር ግቢ ውስጥ ከግንባታ የቀረ ጠጠር፣ ሚስማርና የአርማታ ሽቦ ሣር ውስጥ ተደብቋል። የብረት ስለት ያንን ሲመታ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ድንጋዩን ይተኩሰዋል። ሻጩ በሰንሰለት የተያያዘ የብረት መቁረጫ ቢሰጣችሁ አትቀበሉት። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. ከገበያ ያገደው ነው፤ ቀለበቱ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። የዓይን መነጽር፣ ሽፍን ጫማና ረጅም ሱሪ ይኑራችሁ። ልጆች በዚያ ሰዓት ቤት ይግቡ። መቁረጫ ስትቀይሩ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ።

አሁን ባትሪው እዚህ አገር በምን ይሞታል ወዳልኩት። የሚሞተው በመቀመጥ ነው። መስከረም ላይ ሥራው ሲያልቅ ባዶውን መጋዘን ይወረወራል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማንም አያየውም። ሴል ተቀምጦም ቀስ እያለ ይፈሳል፣ ቦርዷም ትንሽ ትንሽ ትወስዳለች። የአንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ2.5 ሲወርድ ጉዳቱ ይጀምራል። ሰኔ ላይ ሲሰካ ቻርጀሩ አይቀበለውም፤ ሰው "ማሽኑ ፌክ ነው" ይላል። ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ሙቀት ያለበት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማቆየትም ያስረጀዋል። የሚሻለው ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጎ፣ ከማሽኑ ነቅሎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥቶ ማየት፣ ከወረደ መልሶ ግማሽ ማድረስ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉት። ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት፤ የቆሻሻ መኪናው ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ይነሳል።

ግዢውን ደግሞ ከተቻለ ግንቦት ላይ አድርጉት፤ ሣሩ ሳይበቅል፣ ፈላጊው ሳይበዛ። ደረሰኝ ውሰዱ። ዋስትና አለው ከተባላችሁ ባትሪውንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይም አስጽፉት። ቤት እንደገባ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሣር ውስጥ አሠሩት። 36 ዋት ሰዓት የተባለው ባትሪ ሣር ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ ካልቆየ በዚያው ሳምንት መልሱት።